ስለ ቤንዚን ውኃ መሳቢያ ሞተር አያያዝና አጠባበቅ

በጣና ባሕር ዙሪያ፥ ይልቁንም በምሥራቅ በፎገራ ሜዳ፥ በሰሜን በደምቢያ፥ በደቡብም በባሕር ዳር አጠገብ ባሉት ቀበሌዎች የሚኖረው ገበሬ ዝናም ካቆመ በኋላ አትክልቱን የሚያጠጣው ከባሕሩና ወደ ባሕሩ ከሚገቡት ወንዞች ውኃ እየሳበ ነው። ከእነዚህም ወንዞች ዋና ዋናዎቹ ርብ፥ ጉማራ፥ መገጭና ግልገል ዓባይ ናቸው። በቀድሞ ጊዜ ይህ ሥራ ቦይ በመጥለፍ ወይም በእንስራና በባልዲ በመቅዳት ብቻ ይፈጸም ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለት ሰዎች ተሸክመው የሚወስዱት ትንሽ የቤንዚን ሞተር በብዙ መንደር ገብቶ፥ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢቀዳ የማይጨርሰውን ውኃ በጥቂት ሰዓት ወደ ማሳው ያወጣል። በባሕር ዳር ከተማ በየአትክልቱ ቦታ ሣር የሚያጭደውን መኪና የሚያዞረው ሞተርም የዚሁ ወገን ነውና፥ ስለ ሞተሩ ከዚህ በታች የሚነገረው ለሁለቱም ይሆናል።

ሽንኵርት ሥሩ አጭር ስለ ሆነ ከመሬት በታች ርቆ ያለውን ውኃ ሊያገኝ አይችልም፤ ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ መጠጣት ይኖርበታል። ሞተሩ በየካቲት ወይም በመጋቢት፥ ፀሓይ በበረታችበትና የሽንኵርቱ ራስ በሚሞላበት ወራት፥ ሥራ አቁሞ ቢሰነብት የገበሬው የወራት ድካም በማሳው ላይ ይደርቃል። ሞተሩን ለመግዛት በሬውን የሸጠ ወይም ከጎረቤቶቹ ጋራ ገንዘብ ያዋጣ ሰው እንዲህ ያለው ጉዳት ሲደርስበት ኪሳራው እጥፍ ነው፤ ሰብሉም ሞተሩም በአንድነት ይጠፉበታልና።

ነገሩን መርምሮ ያየ ሰው እንደሚያስተውለው፥ ትንሽ ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በከባድ ምክንያት አይደለም። ዘይቱ ሳይለወጥ ስለ ቆየ፥ የአየር ማጥሪያው በትቢያ ስለ ተደፈነ፥ ቤንዚኑ ስላረጀ ወይም ውኃ ስለ ገባበት ነው። የእነዚህ ሁሉ መድኃኒት ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን በጊዜው ካልተደረገ ጥቅሙ ይቀራል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ጊዜውንም ለማወቅ የሚያስፈልገው ጕልበት ወይም ልዩ ጥበብ ሳይሆን ቍጥርና ጽሕፈት ነው። ስለዚህ የሞተር ጥበቃ ባለሞተሩን ብቻ ሳይሆን የመንደሩን መምህርና ማንበብ የሚያውቀውን ሽማግሌ ጭምር የሚመለከት ሥራ ነው።

ሞተር ኃይሉን ስለሚያገኝበት መንገድ

የቤንዚን ተን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከአየር ጋራ ተደባልቆ እሳት ሲነካው በድንገት ነድዶ ይሰፋል፤ ሲሰፋም በፊቱ ያለውን ሁሉ ይገፋል። የሞተር ጥበብ ይህን ግፊት ወደ መዞር መለወጥ ነው። ሲሊንደር በተባለው ክብ የብረት ቤት ውስጥ ፒስቶን የተባለው ብረት ይወጣል ይወርዳል፤ ሥራውም በአራት ተራ የተከፈለ ነው።

1ኛ፤ ፒስቶኑ ሲወርድ ከቤንዚን ጋራ የተደባለቀውን አየር ወደ ውስጥ ይስባል።

2ኛ፤ ተመልሶ ሲወጣ የሳበውን ድብልቅ አፍኖ ያምቀዋል።

3ኛ፤ ድብልቁ በታመቀ ጊዜ ካንዴላ ከተባለው ዕቃ የኮረንቲ ብልጭታ ይወጣና ያቀጣጥለዋል፤ ፒስቶኑም በኃይል ተገፍቶ ይወርዳል።

4ኛ፤ እንደ ገና ሲወጣ የተቃጠለውን ጢስ ጠርጎ በማርሚታው በኩል ወደ ውጭ ያስወጣዋል።

ከአራቱ ተራ ኃይል የሚሰጠው ሦስተኛው ብቻ ሲሆን የቀሩት ሦስቱ ለእርሱ ያገለግላሉ። እንዲህ ያለውን ባለ አራት ተራ ሞተር ኒኮላውስ ኦቶ የተባለ ጀርመናዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. ሠራ። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የመጀመሪያው አውቶሞቢልም የሚሄደው በዚሁ ሥርዓት ነበር።

ትንሹ ሞተር በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ በአንድ ደቂቃ 3,600 ጊዜ ያህል ይዞራል። እሳቱ የሚነሣው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለ ሆነ፥ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 30 ጊዜ እሳት ይነሣበታል ማለት ነው። ይህን ያህል የሚደክም ዕቃ አራት ነገሮች ሳይጓደሉ ሊደርሱት ይገባል፤ እነርሱም ዘይት፥ አየር፥ ቤንዚንና ብልጭታ ናቸው። ሞተር አልነሣ ሲል ወይም ሲደክም መመርመር የሚገባው ከእነዚህ ከአራቱ የጎደለው የትኛው እንደ ሆነ ነው እንጂ ገመዱን ደጋግሞ መጎተት አይጠቅምም።

ስለ ዘይት

በሞተር ውስጥ ብረት በብረት ላይ ይሄዳል። ዘይቱ በሁለቱ መካከል እንደ ስስ ሽፋን ሆኖ እንዳይፋጩ ይከላከላል፤ ትኵሳቱንም ያበርዳል፤ ከእሳቱ የሚወጣውን ጥላሸትና ከብረቱ የሚረግፈውን ብናኝ ተሸክሞ ይይዛል። ዘይት ሲሠራ ውሎ ሲያድር መጥቆሩ ስለዚህ ነው፤ እየጠቆረና እየከሳ ሲሄድም የመጠበቅ ኃይሉ ይቀንሳል። ዘይት ያነሰበት ሞተር ጥቂት ደቂቃ ሲሠራ በትኵሳት ይነክስና ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋራ ይጣበቃል። ይህም ጉዳት ከደረሰ በኋላ በመንደር ሊታደስ አይችልም።

ስለዚህ በየማለዳው ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዘይቱን መለካት ያስፈልጋል። ሲለካም ሞተሩ ጠፍቶ በደልዳላ ቦታ መቆም አለበት። መለኪያው ዘንግ ተፈትቶ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግና ተመልሶ ይገባል፤ ሲወጣም ዘይቱ ከታችኛውና ከላይኛው ምልክት መካከል መድረሱ ይታያል። ከጎደለ ይጨመራል፤ ነገር ግን ከላይኛው ምልክት ማሳለፍም ጉዳት አለው።

አዲስ ሞተር በተገዛ ጊዜ የመጀመሪያው ዘይት 20 ሰዓት ከሠራ በኋላ መለወጥ ይገባዋል። አዲስ ብረቶች እርስ በርሳቸው ሲላመዱ ብዙ ብናኝ ያረግፋሉና። ከዚያ በኋላ ግን በየ100 ሰዓቱ፥ ወይም 100 ሰዓት ባይሞላም በየስድስት ወሩ ይለወጣል። የሚለወጠውም ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ለብ ባለ ጊዜ ነው፤ የሞቀ ዘይት ይቀጥንና ቆሻሻውን ጠርጎ ይወርዳል። ከታች ያለው የዘይት መውጫ ብሎን ተፈትቶ አሮጌው ዘይት በዕቃ ይጠራቀማል፤ ብሎኑ ከተመለሰ በኋላ አዲሱ ይሞላል። በብዙ መንደር የሚገኘው 163 ሳንቲ ሜትር ኩብ ያህል የሆነው ሞተር የሚይዘው ዘይት ከ0.6 ሊትር አይበልጥም። በጣና ዳርቻ ላለው አየር በጣሳው ላይ ኤስ ኤ ኢ 30 ወይም 10 ደብሊው 30 የተባለው ለባለ አራት ተራ ሞተር የተሠራ ዘይት ይስማማል፤ ከሞተሩ ጋራ የመጣው መጽሐፍ ሌላ ካዘዘ ግን የመጽሐፉ ትእዛዝ ይቀድማል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተውን ነገር መለየት ይገባል። እንደ እንጨት መቍረጫ መጋዝ ያሉ አንዳንድ መኪናዎች ባለ ሁለት ተራ ሞተር ስላላቸው ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋራ ተደባልቆ ይሞላል። ባለ አራት ተራ ሞተር ግን ዘይቱና ቤንዚኑ ለየብቻቸው ናቸው። አንዱን በሌላው ሥርዓት የሞላ ሰው ሞተሩን ይገድለዋል።

ደግሞም በወንዝ ዳር ሲሠሩ ሞተሩን ወደ ወንዙ አዘንብሎ ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። ሞተሩ ሲያዘነብል ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሽና የሚቀባውን ብረት ሳይደርስበት ይቀራል፤ ልኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ እንደ ተጠማ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ ሞተሩ የሚቀመጥበት ስፍራ አስቀድሞ በዶማ ሊደለደል ይገባል።

ስለ አየር ማጥሪያ

163 ሳንቲ ሜትር ኩብ የሆነ ሞተር በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ10,000 ሊትር የሚበልጥ አየር ይተነፍሳል። በበጋ የፎገራ ጥቍር መረሬ አፈር ደርቆ ሲሰነጠቅና ከብት ሲረግጠው ትቢያው እንደ ዱቄት ይነሣል። ይህ ትቢያ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ከዘይቱ ጋራ ቢደባለቅ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ይህን የሚከለክለው የአየር ማጥሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተር ፈጥኖ እንዲነሣ ብሎ ማጥሪያውን አውጥቶ መጣል ሞተሩን በገዛ እጅ መቅበር ነው።

ማጥሪያው በየቀኑ ይታያል፤ በየ50 ሰዓቱ፥ ትቢያ በበዛበት ስፍራ ግን በየ10 ሰዓቱ ይጸዳል። ከስፖንጅ የተሠራው ማጥሪያ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያም በንጹሕ የሞተር ዘይት ተነክሮ ዘይቱ እስኪያልቅ ድረስ ይጨመቃል። ከወረቀት የተሠራው ግን አይታጠብም፤ በዝግታ እየተመታ ትቢያው ይራገፍለታል፤ ካረጀ ወይም ከተቀደደ ይለወጣል። ማጥሪያን በቤንዚን ማጠብ ለእሳት አደጋ ስለሚያጋልጥ ክልክል ነው።

በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት የብረት ክንፎች የተሠሩትም ስለ አየር ነው። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ ስለ ሆነ፥ በክንፎቹ መካከል ጭድና ጭቃ ሲሞላ ትኵሳቱ መውጫ ያጣል። ሞተሩ ሲበርድ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል።

ስለ ቤንዚን

ቤንዚን እንደ እኽል በጎተራ የሚከማች ነገር አይደለም። አንድ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ቀላሉ ክፍል እየተነነ ይጠፋል፤ የቀረውም ሙጫ የመሰለ ነገር እየሆነ ካርቡራቶር በተባለው የቤንዚንና የአየር መደባለቂያ ያሉትን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ስለዚህ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ መግዛት ይሻላል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት ቤንዚንም ሞተሩን ያጨሰዋል፥ ኃይሉንም ያደክመዋል።

ቤንዚን ከውኃ የቀለለ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ቤንዚን ከሦስት አራተኛ ኪሎ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በጀሪካኑ ውስጥ የገባ ውኃ ከታች ይተኛል። መምህራን ይህን ለተማሪዎች ለማሳየት ቤንዚን መጠቀም አይገባቸውም፤ በብርጭቆ ውኃ ላይ ጥቂት የኑግ ዘይት ቢያፈሱበት ዘይቱ ከላይ፥ ውኃው ከታች ሆኖ ነገሩ በግልጥ ይታያል። ባለሞተሩም ከዚህ የሚማረው ጀሪካኑን ሳያናውጥ በወንፊት ባለው ማንቈርቈሪያ መሙላት፥ ከታች የቀረውንም ጥቂት ቤንዚን ወደ ሞተሩ አለመገልበጥ ነው። ከቤንዚኑ መክፈቻ በታች ያለችው ትንሽ ጽዋ ውኃና ዝቃጭ የምትይዝ ናት፤ በየ100 ሰዓቱ ተፈትታ ትታጠባለች።

ስለ ካንዴላና ስለ ከፍታ

ካንዴላ በየ100 ሰዓቱ ሞተሩ ሲበርድ ተፈትቶ ይታያል፤ መልኩም የሞተሩን ጤንነት ይናገራል። ጫፉ የፈካ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ሁሉ ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም የአየር ማጥሪያው ተደፍኗል። በዘይት ርሶ ከጠቆረና ከማርሚታው ሰማያዊ ጢስ ከወጣ ግን ዘይት ወደ ሲሊንደሩ አልፎ እየተቃጠለ ስለ ሆነ ለባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል። ጥላሸቱ በብሩሽ ይጠረጋል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውም ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ካንዴላው ሲመለስ መጀመሪያ በጣት ይጠመዘዛል፥ በመፍቻ የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ አለዚያ ጥርሱ ይበላሻል።

በጣና አገር ካንዴላ የሚጠቁርበት ሌላም ምክንያት አለ። የጣና ባሕር ከውቅያኖስ ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ በዚህም ከፍታ አየሩ የሳሳ ነው። ሞተሩ በየተራው የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። ካርቡራቶሩም ለዝቅተኛ አገር የተሰናዳ ከሆነ ለሳሳው አየር የሚሰጠው ቤንዚን ይበዛል። ስለዚህ ጥቍር ጢስ ይወጣል፥ ካንዴላው ይጠቁራል፥ ቤንዚኑም በከንቱ ያልቃል። ሞተር ሠሪዎች ከ1,500 ሜትር በላይ ባለ አገር ለሚሠራ ሞተር የካርቡራቶሩ የቤንዚን ቀዳዳ በባለሙያ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ገዢውም ሞተሩን ሲገዛ ይህን አስቀድሞ ለሻጩ ቢያስታውቅ ይጠቀማል።

ስለ ውኃ አሳሳብ

የውኃ መሳቢያ ውኃውን የሚጎትተው በገመድ እንደሚጎተት አይደለም። መሳቢያው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲያወጣ በወንዙ ላይ የሚጫነው የውጭ አየር ውኃውን ወደ ቱቦው ይገፋዋል። ይህም ግፊት በውቅያኖስ ዳር ውኃን 10 ሜትር ያህል ሊያነሣ ይችላል፤ በጣና ከፍታ ግን ከ8 ሜትር ብዙ አያልፍም። ቱቦው ራሱ ስለሚያግድም በሥራ ጊዜ ከ6 ሜትር በላይ መተማመን አይገባም። ሞተሩን ከፍ ባለ ገደል ላይ አቁሞ ውኃ አልመጣም እያለ የሚያማርር ሰው ጥፋቱ የሞተሩ አለመሆኑን ማወቅ ይገባዋል። በበጋ መካከል ወንዙ ሲጎድል ሞተሩን ወደ ውኃው ማቅረብ፥ ውኃውንም ከሞተሩ ወደ ላይ መግፋት ይሻላል፤ መሳብ ልክ አለው እንጂ በመግፋት በኩል ብዙ ርቀት ይሄዳል።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የመሳቢያው ሆድ በውኃ መሞላት አለበት። ደረቁን ቢዞር ውኃ እንዳይፈስ የሚያትመው ዕቃ በጥቂት ደቂቃ ተቃጥሎ ያልቃል። በሚስበው ቱቦ ጫፍ ያለው ወንፊትም ሁልጊዜ በቦታው ይሁን፤ ጭቃ እንዳይስብ ከወንዙ ወለል ከፍ ተደርጎ በቅርጫት ውስጥ ይቀመጥ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ብዙ ስፍራ ይዟልና፥ ሥሩና ቅጠሉ ወንፊቱን እንዳይደፍነው በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል።

ስለ አደጋ

ሞተርን ከመጠበቅ ይልቅ ሰውን መጠበቅ ይቀድማል። ከማርሚታው በሚወጣው ጢስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ አለ፤ መልክም ሽታም የለውም። ስለዚህ ሞተርን በቤት ውስጥ ወይም በተቆፈረ ጕድጓድ ውስጥ ማስነሣት ፈጽሞ ክልክል ነው። ውኃው ርቆብኛል ብሎ ሞተሩን ወደ ጕድጓድ ያወረደ ሰው መርዙን ሳያውቀው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የሚገባውም ሁለተኛው ሰው ይከተለዋል። በወንዝ ዳር የሚደለደለው ስፍራም ነፋስ የሚያገኘው ግልጥ ቦታ መሆን አለበት።

ቤንዚን የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተሳበ ይሄዳል፤ ርቆ ያለ ምድጃ ወይም ሲጃራ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ስለዚህ ቤንዚን ከሰው መኝታና ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ፤ ሕፃናት ጠጥተው እንዳይሞቱም በውኃ ጠርሙስ አይቀመጥ።

የተለወጠው አሮጌ ዘይት በወንዝ፥ በባሕር ወይም በማሳ ላይ አይፈስም። በባሕሩ ዳር የሚኖረው ሰው ከዚያው ይጠጣል፥ ከብቱንም ያጠጣል፥ ዓሣም ያሰግራል፤ በጣናም ውስጥ በሌላው ዓለም የማይገኙ የዓሣ ወገኖች አሉ። ስለዚህም ባሕሩና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከሚጠበቁት የዓለም የሕይወት ክልሎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። አሮጌው ዘይት በሚከደን ጀሪካን ተጠራቅሞ ወደ ከተማ ጋራዥ ይወሰድ።

ስለ ክረምት ማሳረፊያ

ሰኔ ሲገባና ዝናም ሲበረታ ሞተሩ ሥራ ይፈታል፤ ርብና ጉማራም ሞልተው በሜዳው ላይ ይፈስሳሉ። ባለሞተሩ ጎርፍ ሳይቀድመው ሞተሩን ከወንዝ ዳር ማንሣት ይገባዋል። ብዙ ሞተር የሚሞተው በሥራ ላይ ሳይሆን በዚህ የዕረፍት ጊዜ ነው፤ ቤንዚኑ በካርቡራቶሩ ውስጥ ሙጫ ይሆናልና። ስለዚህ የሚከተለው ይደረጋል።

1ኛ፤ ቤንዚኑ ከመያዣውና ከካርቡራቶሩ ፈጽሞ ይፈስሳል።

2ኛ፤ በመሳቢያው ሆድ የቀረው ውኃ ከታች ባለው መክደኛ ይወጣል።

3ኛ፤ ዘይቱ ይለወጣል፤ አሮጌው ዘይት በውስጡ ያለው ቆሻሻ ብረቱን እንዳይበላው።

4ኛ፤ ካንዴላው ወጥቶ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይገባል፤ ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ተጎትቶ ዘይቱ ከተዳረሰ በኋላ ካንዴላው ይመለሳል።

5ኛ፤ ገመዱ እስኪከብድ ድረስ በዝግታ ይጎተትና በዚያው ይተዋል፤ በዚያን ጊዜ የአየሩና የጢሱ በሮች ሁለቱም ስለሚዘጉ እርጥበት አይገባም።

6ኛ፤ ሞተሩ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ወይም ሳንቃ ላይ በደረቅ ቤት ተሸፍኖ ይቀመጣል።

ስለ ሞተር መዝገብ

ከላይ የተነገረው ሁሉ በሰዓት ቍጥር የተሠራ ነው። ከእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ ግን የሠሩትን ሰዓት የሚቈጥር መሣሪያ የላቸውም፤ ገበሬውም ከሦስት ወር በፊት የሠራበትን ሰዓት በልቡ ሊይዘው አይችልም። ሞተሩ የጎረቤታሞች የጋራ ንብረት ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ እያንዳንዱ ዘይቱን ሌላው የለወጠ እየመሰለው ማንም ሳይለውጠው ይቀራል። ሞተሩ የተበላሸ ዕለትም ጠብ ይነሣል፥ ሽማግሎችም ማስረጃ የሌለውን ነገር እንዲዳኙ ይጠራሉ።

የዚህ ሁሉ መፍትሔ አንድ ደብተር ነው። በገጹ ላይ ስድስት ዓምድ ይሠመራል፤ ቀን፥ የተጠቀመው ሰው ስም፥ የተነሣበት ሰዓት፥ የቆመበት ሰዓት፥ እስከ ዛሬ የተጠራቀመው ድምር ሰዓት፥ የተደረገለት ጥበቃ። ሞተሩን ተቀብሎ የሚሄድ ሰው ሁሉ የዘይቱን ልክ አይቶ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል ቢኖር ልጁ ይጽፍለታል። ድምሩ 100 በሞላ ቍጥር ዘይቱ ይለወጣል፥ ካንዴላውና የቤንዚኑ ጽዋም ይጸዳሉ፤ 300 ሲሞላ ካንዴላው በአዲስ ይለወጣል፥ የቫልቮቹም ልክ በባለሙያ ይታያል።

ይህ ደብተር ለመምህሩ ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ይሆናል። ለምሳሌ አንድ አዲስ ሞተር በሳምንት 5 ቀን፥ በቀንም 4 ሰዓት ቢሠራ በሳምንት 20 ሰዓት ሠራ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ዘይት የሚለወጠው በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ሲሆን ቀጥሎ በየአምስት ሳምንቱ ይሆናል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው 25 ሳምንት ያህል ስለ ሆነ ሞተሩ በጠቅላላው 500 ሰዓት ይሠራል። ይህም በደቂቃ 3,600 ጊዜ ለሚዞር ሞተር 108 ሚሊዮን ዙር ነው። ዘይቱም በ20፥ በ120፥ በ220፥ በ320፥ በ420 ሰዓትና ለክረምቱ ሲያርፍ፥ በጠቅላላው 6 ጊዜ ይለወጣል። በየጊዜው 0.6 ሊትር ቢሞላ የዓመቱ ዘይት 3.6 ሊትር ብቻ ይሆናል።

ተማሪው ይህን በሰሌዳ ላይ ካሰላ በኋላ ለአባቱ ሊነግረው የሚችለው ነገር ግልጥ ነው። ከ4 ሊትር የማይበልጥ ዘይት በአንድ ወገን፥ ሞተሩና የበጋው ሽንኵርት በሌላ ወገን ቢመዘኑ የትኛው እንደሚከብድ ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። ስለዚህ አዲስ ሞተር ወደ መንደር በገባ ጊዜ ቤንዚን ከመሞላቱ በፊት ደብተርና እርሳስ ይዘጋጅለት፤ የመጀመሪያውም መሥመር በዚያው ዕለት ይጻፍ።